የሐዋሳው ሆቴል ዕዳ የማን ነው?

ደብዳቤው (ጥቂት አሳጥረነዋል)

ጤና ይስጥልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማንለያይ አምስት ሴት ጓደኛሞች ነን። አንዷ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ዘንድሮ ለገና መጥታ ስለነበር ከጥምቀት በኋላ አብረን ሐዋሳ ሄደን ለመዝናናት ተስማማን። ሆቴል ፈልጊ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሁሌም እኔ ነኝ። ፌስቡክ ላይ ፎቶ አይቼ ደወልኩና ሐይቁን የሚያዩ ሦስት ክፍሎች ለሦስት ሌሊት ያዝኩ። አንዱ ክፍል 4,000 ብር ነው አሉኝ። 12,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁ።

ስንደርስ «ክፍሎቹ ለሰርግ እንግዶች ተሰጥተዋል» ተባልን። በጓሮ በኩል፣ ጀነሬተሩ አጠገብ ያሉ ክፍሎች ሰጡን። ሰው ፊት መጨቃጨቅ ስለማልወድ «ችግር የለም» ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ። ማታ መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ እስኪነጋ ጮኸ። ሙቅ ውሃ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ዲጄው አለ። በማግስቱ የአሜሪካዋ ጓደኛችን «እኔ እዚህ አላድርም» አለችና አንዷን ይዛ ሌላ ሆቴል ገባች። ሦስታችን ቀረን። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ጠዋት አምስታችንም አሞራ ገደል ሄደን ዓሳ የበላንበት ሰዓት ብቻ ነው።

ስንወጣ ሂሳቡ ቫትና ሰርቪስ ተጨምሮበት 45,540 ብር መጣ። ጥለው የወጡት ልጆች ክፍልም ሦስቱም ሌሊት ተቆጥሯል። በስሜ ስለተያዘ ከፈልኩ። አብረውኝ የቀሩት ሁለቱ መጀመሪያ የነገርኳቸውን 7,200፣ 7,200 ብር ላኩልኝ። የወጡት ግን «ላደርንበት ሌሊት» ብለው 2,400፣ 2,400 ላኩ። አብራኝ ከቀሩት አንዷ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «መራጯ አንቺ ነበርሽ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ጸጥ ብሏል። በጣም አፍሬያለሁ። የላኩትን ሁሉ መልሼላቸው ልገላገል? ወይስ ሆቴሉን ቲክቶክ ላይ ላዋርደው?

አንባቢያችሁ፣ ከመገናኛ

መልስ

እህቴ፣ ጉዳዩ ብር ስላለበት ከብሩ እንጀምር። ኀፍረቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ስልክሽ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ክፈቺ።

4,000 ብር ሲሉሽ «ፕላስ ፕላስ» ማለታቸው ነበር። ብዙ ሆቴል ዋጋ የሚናገረው እንዲህ ነው። በ4,000 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ 400 ብር ይጨመራል። በ4,400ው ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት፣ 660 ብር። አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት 5,060 ብር ሆነ። ሦስት ክፍል ለሦስት ሌሊት 45,540። ስሌቱ አልተሳሳተም። ጥፋቱ ስትደውዪ አፋቸውን ሞልተው 4,000 ብለው ዝም ማለታቸው ነው።

ይህ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 9,108 ብር ይደርሳል። እስካሁን ከአራቱ የገባልሽ 19,200 ብር ነው። ስለዚህ ከኪስሽ የወጣው 26,340 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ያንቺ ድርሻ 9,108 ብቻ ነው። ቀሪው 17,232 ብር የጓደኞችሽ ዕዳ ነው።

«መልሼላቸው ልገላገል?» አልሽኝ። እስካሁንም እየከፈልሽላቸው ነው እኮ! እነሱ ቁጭ ብለው አላሰሉትም። አንቺም ከማፈርሽ ብዛት አላሰላሽውም። የላኩትን ብትመልሺላቸው ደግሞ የአምስት ሰው ሽርሽር ሙሉ በሙሉ በአንቺ ደሞዝ ተከፈለ ማለት ነው። ልጋብዛችሁ ብለሽ ቢሆን ያምርብሽ ነበር። እንደ ቅጣት ስትከፍዪው ግን ማንም ደስ አይለውም። እነሱ የተመለሰላቸውን ብር ሲያዩ ይሸማቀቃሉ። አንቺም አፍ አውጥተሽ ባትናገሪው፣ ልደት በመጣ፣ ሰርግ በመጣ ቁጥር በሆድሽ ትቆጥሪዋለሽ። ስለዚህ አትመልሺ። እንዲያውም የጎደለሽን ጠይቂ። እንዴት እንደምትጠይቂ እመጣበታለሁ።

ምንም ጥፋት የለብሽም እያልኩሽ ግን አይደለም። አንድ አለብሽ። እሱም ሆቴሉን መምረጥሽ አይደለም። በፎቶ አይቶ ክፍል የማይዝ ማን አለ? ፎቶ ላይ ደግሞ ሁሉም መስኮት ሐይቅ ያያል፤ ጀነሬተር የሚታይበት የሆቴል ማስታወቂያ እስካሁን አልገጠመኝም። ጥፋትሽ ያቺ «ችግር የለም» ናት። ችግር ነበራ! ክፍላችሁ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ሻንጣ ይዛችሁ ቆማችኋል። አንቺ ደግሞ በአምስት ሰው ስም ይቅርታ አደረግሽላቸው። ይሉኝታ ነው፤ ይገባኛል። የእንግዳ ተቀባዩን ልጅ ፊት ላለማጥቆር ብለሽ የጓደኞችሽን ሌሊት ሰጠሽ። «አንድ ጊዜ» ብለሽ ዞር ብትዪና «እንቀበል ወይስ ሌላ እንፈልግ?» ብትያቸው ኖሮ ውሳኔው የአምስታችሁ ይሆን ነበር። በእርግጥ እነሱም እዚያው ሎቢ ውስጥ ነበሩ፤ አፋቸውን የያዘው የለም። ቢሆንም ለዚህች ነገር ይቅርታ ጠይቂ። ለዚህች ብቻ።

አሁን ስለዚያች ሎቢ ትንሽ ልቆይ። ለብዙ አንባቢም ይጠቅማል። ጥር የሰርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የሚዳረው ሁሉ ይዳራል። ሐዋሳ ደግሞ ለሙሽሮች ሐይቅ አላት፣ የፎቶ ቦታ አላት። አንድ ሰርግ ለሆቴል ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። አዳራሹን ይከራያል፣ ምግቡን ያዛል፣ መጠጡን ያዛል፣ ከዚያ በላይ ለዘመድ አዝማድ ክፍሎች ይይዛል። የሙሽራው አጎት መጥቶ «እኛ ወደ ሐይቁ ያሉትን እንፈልጋለን» ካለ፣ ማናጀሩ ፊት ያለው ምርጫ ያ ሁሉ ሂሳብና ከአዲስ አበባ በስልክ የተያዙ ሦስት ክፍሎች ናቸው። ማን እንደሚገፋ ይታወቃል። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚላቸው አይደለም። ባጋጣሚ የተፈጠረ ስህተት እንዳልነበር እንድታውቂ ነው። ጓሮ የተመደባችሁት ተመርጣችሁ ነው።

አንቺ ግን ባዶ እጅሽን አልነበርሽም። ቀብድ ከፍለሻል። ቀብድ በአገራችን የወግ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1885፣ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ተዋዋዮቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ገበያ ውስጥ ቤትና መኪና የሚሻሻጡ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሆቴል ስንይዝ ግን ሁላችንም እንረሳዋለን። ያን ቀን «የያዝናቸው ክፍሎች ከሌሉ ውሉን አፍርሳችኋል፤ ቀብዳችንን እጥፍ መልሱ፣ 24,000 ብር» ብትያቸው ወዲያው ቆጥረው ይሰጡሽ ነበር አልልሽም። ግን ማናጀሩ ከቢሮው ይወጣ ነበር። ሐይቁን የሚያይ አንድ ክፍል እንኳን ከየትም ይገኝ ነበር። ካልሆነም ዋጋ ይቀነስላችሁ ነበር። ለመደራደር ከዚያች ደቂቃ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

አሁን እጥፉን መጠየቅ ይከብዳል። የሰጧችሁን ክፍል ተቀብላችሁ አድራችኋል። ሆቴሉ «ተስማምተው ገቡ» ይላል፤ ሙሉ በሙሉም ውሸት አይሆንበትም። የሚጠየቅ ነገር ግን አሁንም አለ።

የመጀመሪያው ጥለው የወጡት ልጆች ክፍል ነው። ቁልፉን ለሪሴፕሽን መልሰው ከወጡ፣ ክፍሉ ለሁለት ሌሊት ባዶ መሆኑን ሆቴሉ ያውቃል። ምናልባትም ለሰርግ እንግዳ አከራይቶታል። የሁለቱ ሌሊት ሂሳብ 10,120 ብር ነው። ሁለተኛው የዋጋ ልዩነት ነው። ሐይቅ የሚያይ ክፍልና ጓሮ ያለ ክፍል በየትኛውም ሆቴል አንድ ዋጋ የላቸውም። የዋጋ ዝርዝራቸውን ጠይቂያቸው። ለጓሮው 3,000 ብር የሚያስከፍሉ ከሆነ እናንተ 4,000 የከፈላችሁበት ምክንያት የለም።

ስልክ ደውለሽ አትጨቃጨቂ። ስልክ ላይ «እሺ እህት፣ አጣርተን እንደውላለን» ይሉሽና ያልቃል። ጻፊላቸው። የውል ሕጋችንም ቢሆን፣ አንዱ ወገን ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ይህቺ ደብዳቤ ሁለት ሥራ ትሠራለች። አጭር ትሁን፦

«ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ። ሐይቁን የሚያዩ ሦስት ክፍሎች ለሦስት ሌሊት ይዘን 12,000 ብር ቀብድ ከፍለን ነበር። ስንደርስ ክፍሎቹ ለሌላ እንግዳ ተሰጥተው በጓሮ በኩል ያሉ ክፍሎች ተሰጡን። ከእነዚህ አንዱን ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ ብንለቅም ለቀሪዎቹ ሁለት ሌሊቶች 10,120 ብር ተከፍሎበታል። ይህ ገንዘብ እንዲመለስልን፣ በቀሩትም ላይ የክፍሎቹ የዋጋ ልዩነት እንዲታሰብልን እንጠይቃለን። የቴሌብር ማረጋገጫና ደረሰኝ አያይዘናል።»

ቀኑንና የክፍሎቹን ቁጥር ጨምሪበት። የፌስቡክ ፎቶውንም፣ ሲያወሩሽ የጻፉልሽ ነገር ካለ እሱንም፣ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጊው፤ ነገ ላይገኝ ይችላል። «ዕረፍታችን ተበላሸ»፣ «ከአሜሪካ የመጣች እንግዳ ፊት አዋረዳችሁን» የሚለውን ተዪው። እውነት ነው፤ ግን ማናጀር የሚመልሰው ለቁጥር ነው። አሥር ቀን ስጫቸው። ዝም ካሉ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ለክልሉ የቱሪዝም ቢሮ አመልክቺ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። «4,000» ብሎ 5,060 ማስከፈል የሚመዘነው በዚህ ነው። ፍርድ ቤት ድረስ እንድትሄጂ ግን አልመክርሽም። ለዚህ ብር ሐዋሳ መመላለስ ሌላ ኪሳራ ነው።

ወደ ጓደኞችሽ ልምጣ። ከባዱ እሱ ነው።

ግሩፑ ላይ ምንም አትጻፊ። አምስት ሰው የሚያየው ጽሑፍ ላይ ማንም ልቡን አይከፍትም። እዚያ ሁሉም የሚጽፈው ለተመልካች ነው። «መራጯ አንቺ ነበርሽ» ያለችው ልጅም ፊት ለፊት ቢሆን እንዲያ አትልሽም ነበር። በመጀመሪያ የምትደውዪው ለእሷ ነው። «ቡና እንጠጣ» በያት። ስትገናኙ ስለ ይቅርታው ጀምሪ፦ «ሪሴፕሽኑ ላይ ሳልጠይቃችሁ መቀበል አልነበረብኝም፤ ለዚህ ይቅርታ» በያት። ከዚያ ዝም በይ። እሷ ትናገር። ምናልባት የተናደደችው በሆቴሉ ሳይሆን ጥለው በሄዱት ልጆች ሊሆን ይችላል። አስቢው። እሷም እንዳንቺ ጀነሬተሩ ሥር ሦስት ሌሊት አድራለች። ሁለቱ ደህና አልጋ ላይ ተኝተው ጠዋት ታጥበውና አምረው ሲመጡ አይታለች። እነሱን መናገር ስለከበዳት ቅርብ ያገኘችው አንቺን ነው። ሁሌም የሚያዘጋጅ ሰው ቅርብ ይገኛል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በየጓደኛሞቹ መሀል አንቺን የመሰለች አንዲት አለች። የልደት ስጦታ ገንዘብ የምትሰበስበው፣ ለቅሶ ሲሆን መኪና የምታስተባብረው፣ እቁቡን የምትጽፈው እሷ ናት። ነገሩ ካማረ «ሐዋሳ እንዴት ደስ ይላል!» ይባላል። ካላማረ «ማነው የያዘው?» ይባላል። በነጻ የሠራሽው ሥራ ነው። ደውለሽ፣ አወዳድረሽ፣ ከራስሽ ቀብድ ልከሽ ነው። ሥራውን ለሌላ የሰጠ ሰው ውጤቱን አብሮ መቀበል አለበት፤ አለዚያ ራሱ ይፈልግ ነበር። ይህን ግን በስብከት መልክ አትንገሪያቸው። ሂሳቡን ስታሳዪያቸው ይገባቸዋል።

ሂሳቡን የምታሳዪው ከይቅርታው በኋላ ነው። ደረሰኙን አውጪ። ቫቱንና ሰርቪሱን አሳዪ። አብረውሽ ለቀሩት ሁለቱ የጎደለው 1,908፣ 1,908 ብር ነው። ይህ ማንም ያላጠፋው፣ ቀድመሽ ብትጠይቂም የማይቀር ክፍያ ነው። እምቢ አይሉሽም። ቢሉሽም ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የሆቴል መሆኑ ቀርቷል።

ጥለው የወጡት ሁለቱ ላይ ግን ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። መውጣታቸውን አልወቅስም። እኔም ጀነሬተር ሥር አንድ ሌሊት ካደርኩ በኋላ ሻንጣዬን እይዛለሁ። የማልስማማበት «ላደርንበት ብቻ» የሚለውን ነው። አምስት ሆናችሁ ሦስት ክፍል ያዛችሁ፤ ወጪውን ለአምስት ልትካፈሉ ተስማማችሁ። ሁለቱ ሲወጡ የክፍሉ ሂሳብ አብሯቸው አልወጣም። ከእነሱ ትከሻ ወርዶ ያንቺ ላይ ተጫነ። «ይህን ክፍል ለቀናል፣ ከሂሳቡ ይውጣ» ብሎ ሪሴፕሽን ላይ የተናገረ ሰው ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። እነሱም አላሉም፣ አንቺም አላልሽም። ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው፦ የአዲሱ ሆቴል ወጪ የራሳቸው ነው። የመጀመሪያውም ድርሻቸው እንዳለ ነው። እያንዳንዳቸው 6,708 ብር ይቀራቸዋል። ግን ደግሞ ሆቴሉ 10,120ውን ከመለሰ፣ ያ ብር የሁለቱ ነው፤ 5,060፣ 5,060 ያገኛሉ። የባዶውን ክፍል ኪሳራ ከተሸከሙ ተመላሹም የእነሱ መሆን አለበት። የዋጋ ልዩነቱ ከተመለሰ ደግሞ ለአምስት ይካፈላል። ይህን ስትነግሪያቸው ከሆቴሉ ጋር በሚደረገው ክርክር ከጎንሽ ይቆማሉ። ደብዳቤውን ራሷ የአሜሪካዋ ብትጽፈው ይሻላል፤ እዚያ አገር ተመላሽ መጠየቅ እንደ ነውር አይታይም።

ስለ እሷ ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ በግልጽ አላነሳሽውም፤ ግን በየመስመሩ መሀል ይታያል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በዶላር ለሚያስብ ሰው የአገር ቤት ሆቴል ርካሽ ሆኖበታል። እሷ ሌላ ሆቴል ስትገባ ብዙም አላሰበችበትም ይሆናል፤ እዚያ አገር ለአንድ እራት የምታወጣው ነው። ለናንተ ግን 9,000 ብር ከወር ደሞዝ ላይ የሚታይ ቀዳዳ ነው። እሷ «እዚህ አላድርም» ስትል የፈለገችው እንቅልፍ ነበር። እናንተ የሰማችሁት «እኔ እችላለሁ» የሚል ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ኩርፊያው ግን የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ከሙቅ ውሃው አይደለም።

እና አንዷን ብቻ ይዛ መሄዷስ? ለምን አምስታችሁም አልወጣችሁም? ምናልባት ጠይቃችሁ «አይ፣ እኛ እንቀራለን፣ ብር ከፍለናል» ብላችሁ ይሆናል። ምናልባት የሌላው ሆቴል ዋጋ አስፈርቷችሁ አልተናገራችሁም። እሷ ደግሞ «ልክፈልላችሁ» ብትል ቅር ትላላችሁ ብላ ፈርታ ይሆናል። ደውዪላትና ይህንኑ ጠይቂያት። በእነሱ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። «ያን ቀን ስትወጪ ከፋኝ፤ አንቺስ ምን ተሰማሽ?» በያት። ስለ ብሩ የምታወሩት በዚያው ስልክ ላይ፣ ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ። ብሩ ከቀደመ ሌላው አይሰማም። እና አሞራ ገደልን አስታውሺያት። ጥለው ከወጡ በኋላም ጠዋት ተመልሰው አብረዋችሁ ዓሳ በሉ አይደል? ዓሳ አጥማጁ ሲያጸዳ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ተቆጣጣሪ ቆሞ ሲጠብቅ፣ አምስታችሁም ስትስቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያኮረፈ ሰው ለቁርስ አይመጣም።

ቲክቶኩን በተመለከተ፦ አሁን አይሆንም። ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ቆዪ። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ሆቴሉ የሚያስበው ስሙን ስለማዳን እንጂ ብርሽን ስለመመለስ አይሆንም። አሥሩ ቀን አልፎ ዝም ካሉሽ ጎግል ማፕ ላይ የሆነውን ጻፊ። የተነገረሽን፣ የተሰጠሽን፣ የከፈልሽውን። «ሌቦች»፣ «አጭበርባሪዎች» አትበይ፤ ስም ማጥፋት ሌላ ጣጣ አለው፣ ደግሞም አንባቢ ከስድብ ይልቅ ዝርዝር ያምናል። እንግዳ ተቀባዩን ልጅ ቀርጸሽ ከሆነ አጥፊው። ክፍላችሁን ለሰርገኛ የሰጠው እሱ አይደለም። ቆሞ እንዲሰደብ የተቀመጠ ደሞዝተኛ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ጥቂት ልጨምር፤ ሆቴል ስለመያዝ በየጊዜው ደብዳቤ ይደርሰናል። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት «ዋጋው ቫትና ሰርቪስን ጨምሮ ነው?» በሉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይላኩላችሁ። የክፍሉን ቁጥር ጠይቁ። ከዚያው ክፍል መስኮት አጭር ቪዲዮ ቀርጸው በቴሌግራም እንዲልኩ ጠይቁ፤ ደህና ሆቴል ይህን ለማድረግ አይሰንፍም። «መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ ይሠራል?» የሚለውን አትርሱ። «ጀነሬተር አለን» ሲሏችሁ እንዳትረኩ። የሻወር ማሞቂያ ብዙ ኃይል ስለሚበላ በጀነሬተር ሰዓት የማያገናኙት ሆቴሎች ብዙ ናቸው። አምፖሉ ይበራል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ጥር ላይ ከሆነ «በዚያ ሳምንት ሰርግ አለባችሁ?» ማለት ያስፈልጋል።

ሐዋሳን በተለይ ላሰባችሁ፣ ቀኑን አይታችሁ ሂዱ። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ሰው ጢም ይላል። የበዓሉን ቀን ኮከብ ቆጣሪዎቹ አያንቶዎች ስለሚወስኑት በየዓመቱ አንድ ቀን ላይ አይውልም፤ ጠይቃችሁ ሂዱ። በዓሉን ለማየት ከሆነ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባ በዓል ነው። ክፍሉን ግን ቀደም ብሎ መያዝ ነው።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ የሚቀጥለውን ጉዞ እንዳታዘጋጂ። ቢለምኑሽም። ሆቴሉን «መራጯ አንቺ ነበርሽ» ያለችው ልጅ ትያዝ። እሷ ቀብዱን ከመላኳ በፊት ግን አምስታችሁም ድርሻችሁን ላኩላት።